ከመሪው ጎን የቆመው መኮንን፦ የጦርነት ጊዜ ዲፕሎማሲ በጎጃም ምድር

የዩክሬን ወይም የሱዳን ጦርነት ዜና በተነሳ ቁጥር አንድ ዓይነት ምስል ይደጋገማል፤ የአገር መሪ፣ አጠገቡ ባለማዕረግ መኮንን፣ መሐላቸው ካርታ። ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ ላይ ዜና የሚከታተል ሰው ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ «ወሳኙ ማን ነው?» የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ ወገን ጄኔራሉ የመከረውን መሪው ይፈርማል ይላል። ሌላው መሪው ያሻውን ያዛል፣ ወታደሩ ይፈጽማል ይላል። አማካሪው የውጭ አገር ሰው ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ የሚመክረው ለማን ብሎ ነው?

ለዚህ ሁሉ ጎጃም የራሷ ማስረጃ አላት። በ1933 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበር ተነስተው ደብረ ማርቆስ እስኪደርሱ የተጓዙት ከሁለት የእንግሊዝ መኮንኖች ጋር ነበር። አንደኛው አማካሪ፣ ሌላኛው አዛዥ ነበሩ። በዚያ መንገድ ላይ የታየው ችግር ዛሬ በዜና ከምንሰማው ጋር በዓይነቱ አንድ ነው፤ የምክርና የትእዛዝ ድንበር አለመለየቱ፣ ስንቁና ሬዲዮው በባዕድ እጅ መሆኑ፣ በጦር ሜዳ የተገኘው ድል በወረቀት ላይ ሲደርስ መቅለሉ። ጉዳዩን ከዚያ ተነስቶ ማስረዳት ይቀላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ስሞቹና ሥልጣናቸው

«ወታደራዊ አማካሪ» የጦሩን ሁኔታ ለመሪው የሚያስረዳና አማራጭ የሚያቀርብ፣ ራሱ ግን ጦር የማያዝ ሰው ነው። «ወታደራዊ አታሼ» በኤምባሲ የሚቀመጥ፣ የዲፕሎማት ከለላ ያለው፣ ያየውንም ለላከው አገር የሚዘግብ መኮንን ነው። «ወታደራዊ ሚሽን» የሚባለው በሁለት መንግሥታት ስምምነት የሚመጣ የአሠልጣኞችና የአማካሪዎች ቡድን ነው፤ ደመወዙን ማን እንደሚከፍል፣ አባሉ ወንጀል ቢሠራ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚዳኘው የሚወሰነው በዚያው ስምምነት ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ሊለብሱ ይችላሉ፤ በምስል ብቻ አይለዩም።

የአሜሪካው አሠራር ልዩነቱን አጥርቶ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ የኢታማዦር ሹሞችን ሰብሳቢ የፕሬዚዳንቱ ዋና ወታደራዊ አማካሪ ያደርገዋል፤ ጦር ግን አያዝም። ትእዛዝ ከፕሬዚዳንቱ ወደ መከላከያ ሚኒስትሩ፣ ከእሱም በየቀጣናው ወዳሉት አዛዦች ነው የሚወርደው። ስለዚህ አራት ኮከብ የደረደረው ሰው ከፕሬዚዳንቱ አጠገብ ቢታይም አንዲት ሻለቃ እንኳ በራሱ ቃል አያንቀሳቅስም።

በእኛ አገር ደግሞ «ፕሬዚዳንት» የሚለው ማዕረግ ራሱ ግራ ያጋባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 መሠረት የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ የውጭ ፖሊሲውን አፈጻጸም በበላይነት የሚከታተለውም እሱ ነው። ፕሬዚዳንቱ በአንቀጽ 71 አምባሳደሮችን ይሾማል፣ ከፍተኛ የጦር ማዕረግም ይሰጣል፤ ሁለቱንም የሚያደርገው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርብለት ነው። የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያቀርበው መነሻ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀውም ይኸው ምክር ቤት ነው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል መሆን እንዳለበት አንቀጽ 87 ይደነግጋል። እንግዲህ የውጭ አገር ፕሬዚዳንትን ምስል አይቶ በእኛ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ስሕተት ላይ ይጥላል።

ጎጃም፣ 1933 ዓ.ም፦ ሁለት መኮንኖች፣ አንድ ዙፋን

መነሻው የውጭ ፖሊሲ መገልበጥ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1938 ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ይዞታ አውቃ ነበር። ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ጦርነት ስታውጅባት ግን፣ በስደት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ባንድ ጊዜ ጠቃሚ ሰው ሆኑ። በሳምንታት ውስጥ ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ካርቱም ተወሰዱ። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ ወደ ጎጃም የገባው የእንግሊዝ ምክርና መሣሪያ የመጣው የእንግሊዝ ፍላጎት ስለተለወጠ ነው። ፍላጎት እንደመጣ ሊሄድም ይችላል።

በነሐሴ 1932 «ሚሽን 101» የተባለው አነስተኛ ቡድን ድንበር ተሻግሮ ጎጃም ገባ። መሪው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ ከጦርነቱ በፊት በኢትዮጵያ ለዓመታት እያረሱ የኖሩ፣ አገሩንና ሰዉን የሚያውቁ ነበሩ። ከእሳቸው ጋር የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማ ገቡ። ይህች የሰው ምደባ ትንሽ ትመስላለች፤ ዲፕሎማሲያዊ ዋጋዋ ግን ከፍ ያለ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የጎጃምን ወሬ በእንግሊዝ ሪፖርት ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ሰው ዓይንም እንዲያገኙ አድርጋለች። የቡድኑ የመጀመሪያ ሥራም ተኩስ አልነበረም። ተቀናቃኝ የነበሩትን ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን አስማምቶ በአንድነት እንዲሠሩ ማድረግ ነበር።

ጥቅምት 18 ቀን 1933 የእንግሊዙ የጦር ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን ካርቱም ላይ ስብሰባ ተቀመጡ። ከስብሰባው የወጣው ውሳኔ ለጎጃም አርበኞች የሚሰጠው እርዳታ እንዲጨምር ነው። ብዙም ሳይቆይ ኮሎኔል ኦርድ ዊንጌት ተመደቡ፤ በኅዳርም በአውሮፕላን ጎጃም ውስጥ አርፈው ከሳንፎርድ ጋር ተነጋገሩ። እሳቸው የመሠረቱት «ጌዴዎን ጦር» ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ወታደሮች የተውጣጣ፣ ቁጥሩ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ኃይል ነበር። ፊት ለፊቱ የቆመው የጠላት ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ፤ ሰንደቅ ዓላማውን ሰቀሉ፤ ወደ በላያ ተራራም አቀኑ።

ችግሩ ወዲያው ብቅ አለ። ሳንፎርድ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ነበሩ፤ አርበኞቹንም ያዝዙ ነበር። ዊንጌት የጦሩ አዛዥ ነበሩ፤ አርበኞቹ ግን ያለ እሳቸው እውቅና እንዲንቀሳቀሱ አይፈልጉም። አንድ የጎጃም ባላባት ጠመንጃ ሲፈልግ ለየትኛው ይጻፍ? የተሰጠው ጠመንጃስ ለየትኛው ግንባር ነው? ጉዳዩ በየካቲት ካርቱም ደርሶ ተለየ፤ ማዘዝ ለዊንጌት፣ ማማከር ለሳንፎርድ ሆነ። ብያኔው ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ። አማካሪ ለአንድ ወገን መሣሪያ ሲያድል ያኔውኑ አዛዥ ሆኗል፤ ሥልጣኑ በወረቀት ባይጻፍም።

እዚህ ላይ ስለ ስንቅ ጥቂት ማለት ይገባል፤ የዲፕሎማሲ ጉልበት የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ከሱዳን ቆላ ወደ ጎጃም ደጋ ለመውጣት መኪና አላዋጣም፤ ቁጥቋጦውና ድንጋዩ ያዘው። የተመረጠው ግመል ነው። አንድ ግመል በሜዳ ከ150 እስከ 200 ኪሎ ይሸከማል። ነገር ግን የቆላ ግመል ሽቅብ ሲሄድ እግሩ በድንጋይ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ አፈር ላይ ይንሸራተታል፣ የደጋው ብርድ ይጎዳዋል፣ የለመደውን ቅጠልም አያገኝም። ያለ ልማዱ የተጫነ ኮርቻ ጀርባውን ይልጠዋል፤ የተላጠ ግመል በማግሥቱ አይጫንም። ወደ 15 ሺህ የሚገመቱ ግመሎች ተሰማርተው አብዛኞቹ አለቁ። ይህ ማለት ንጉሠ ነገሥቱ የሚዘምቱበት ፍጥነት የሚወሰነው ካርቱም በምትልከው ግመል፣ ጥይትና ማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። ከጎጃም ወደ ካርቱም የሚያገናኘው ሬዲዮም በእንግሊዞቹ እጅ ነበር። አጋርህ መጓጓዣህን፣ ገንዘብህንና መልእክትህን ይዞ ሳለ «እምቢ» ማለት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው የቀረው ትልቁ መሣሪያ ቃል ነበር፤ ተጠቀሙበትም። የአንበሳ ማኅተም ያለበት አዋጅ በአውሮፕላን ይበተን ነበር፤ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ካርቱም ላይ እየታተመ ይገባ ነበር፤ በጠላት ምሽግ አጠገብ ድምፅ ማጉያ ተተክሎ ለኢጣልያ የተሰለፈው የአገር ልጅ እንዲከዳ ይጠራ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ተራ ፕሮፓጋንዳ ብሎ ያልፈዋል። እንደ ውጭ ፖሊሲ ቢታይ ግን ማኅተሙ ለሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ለእንግሊዝም የተላከ መልእክት ነበር፤ እዚህ አገር የሚታወጀው በዚህ ስም ነው የሚል።

መረጃ ሲዘገይ የሚሆነውን ጫረቃ ወንዝ ያሳያል። የኢጣልያ ጦር የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ማፈግፈግ ጀመረ። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ በመንገዱ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ የጠላት ጦር በሙሉ ኃይሉ ወደ እሱ እየመጣ መሆኑ ግን በጊዜ አልደረሰውም። የካቲት 27 በሺህ የሚቆጠር ጦር ላዩ ላይ ሄደበት። ሻለቃው ተዋግቶ ጠላትን ጎዳ፤ ራሱም ክፉኛ ተጎዳ። አንድ የሬዲዮ መልእክት የሰው ሕይወት ነው የምንለው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ የታለፉት ሦስት ሳምንታት

መጋቢት 28 ቀን 1933 ሁለት ነገር ባንድ ቀን ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ቀን ከደቡብ የመጣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ዋና ከተማው ነጻ ወጥቷል፤ ባለቤቱ ግን ጎጃም ውስጥ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ጠየቁ። አውሮፕላን አልተሰጣቸውም። ደብረ ማርቆስን የለቀቁት ሚያዝያ 19፣ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው።

የእንግሊዝ አዛዦች የሰጡት ምክንያት የጸጥታ ነበር። ከተማው ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር የኢጣልያ ሲቪል አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከነአርበኞቻቸው ቢገቡ በቀል ይነሳል የሚል። ስጋቱ ባዶ ነበር ማለት አይቻልም፤ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ገና ከልብ አልወጣም ነበርና። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በቀል እንዳይፈጸም በአዋጃቸው አስቀድመው ከልክለዋል፤ ሲገቡም ሕዝቡ ታዘዛቸው። በእነዚያ ሳምንታት ግን «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» የተባለው የእንግሊዝ ወታደራዊ መሥሪያ ቤት ቢሮ ይዞ፣ ሹም መድቦ፣ ሥራ ጀምሯል። ከዚህ ጸሐፊ እይታ የጸጥታው ምክንያት እውነት ሆኖ ሳለ የፖለቲካውን ሥራ አገልግሏል። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ወታደራዊ ምክር አደገኛ የሚሆነው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ስላልሆነ ነው።

የዊንጌት አቋም እዚህ ላይ መመስከር አለበት። ለላካቸው ጦር የሚታዘዙ መኮንን ሆነው ሳለ የንጉሠ ነገሥቱን መብት በአለቆቻቸው ፊት አጥብቀው ተከራክረዋል። አማካሪ ሁሉ የላከው መንግሥት አፍ ነው የሚለው ድምዳሜ በእሳቸው ላይ አይሠራም። ቢሆንም ዘመቻው እንዳለቀ ጦሩ ተበተነ፤ ዊንጌትም ከኢትዮጵያ ወጡ። የአንድ መኮንን ቅንነት ከመመደቢያ ደብዳቤው ዕድሜ አያልፍም። (ሁለቱም ስሞች ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የትምህርት ቤት መጠሪያ ሆነው ይኖራሉ።)

በዚያው ደብረ ማርቆስ የራስ ኃይሉ ጉዳይም ነበር። ኢጣልያኖች ሲወጡ ከተማውን የተዉት ለራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከባላባቱ ጋር መዋጋት አልፈለጉም፤ ራስ ኃይሉም ቀርበው ገቡ። ያፈገፈገው የኢጣልያ ጦር አባይን የተሻገረው እንዴት እንደሆነ ግን እስካሁን ያከራክራል። የእንግሊዝ መኮንኖች ጽሑፍ ራስ ኃይሉ ከበላይ ዘለቀ ጋር በምስጢር ተደራድረው መንገዱ ክፍት ቀረ ይላል። ይህን በአንድ ወገን ሪፖርት ብቻ መቀበል ይከብዳል። ሪፖርት የሚጽፍ መኮንን ጠላት ሲያመልጠው የራሱን ጉድለት ወደ ሌላ የማሻገር ፍላጎት ሊያድርበት ይችላል፤ አርበኛው ደግሞ የራሱን ቃል በጽሑፍ አልተወም። የውጭ አማካሪ የጻፈው ሰነድ ብቸኛ ምንጭ ሲሆን ታሪክም ፖሊሲም ወደዚያው ያዘነብላል።

ወረቀቱ ሲመጣ

ንጉሠ ነገሥቱ ገና በጉዞ ላይ ሳሉ፣ ጥር 27 ቀን 1933፣ ኤደን በለንደን ፓርላማ መግለጫ ሰጥተው ነበር። እንግሊዝ የነጻ ኢትዮጵያን መመለስ በደስታ እንደምትቀበል፣ የግዛት ምኞት እንደሌላት ተናገሩ። በዚያው መግለጫ ግን የውጭ ምክርና አመራር እንደሚያስፈልግ፣ ለጊዜውም «ወታደራዊ አመራርና ቁጥጥር» እንደሚኖር ተጨመረ። ጊዜያዊ የሚለው ቃል ቀን አልተቆረጠለትም። ውጤቱ ፈጥኖ ታየ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 3 ሚኒስትሮቻቸውን ሲሾሙ የእንግሊዝ የአስተዳደር ሹም ከኢጣልያ ጋር የሰላም ውል ሳይፈረም ሙሉ ሥልጣን ሊመለስ አይችልም ብሎ ተቃወመ።

ጥር 23 ቀን 1934 የተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት ነገሩን በከፊል አስተካከለ። ነጻነቱ ታወቀ፤ እንግሊዝም ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ልትሰጥ ተስማማች። በምላሹ የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች ዲፕሎማቶች ሁሉ ቅድሚያ አገኘ፤ ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝን ሳያማክሩ ሌላ የውጭ አማካሪ እንዳይሾሙ ተደረገ፤ የባቡር መስመሩ፣ ኦጋዴንና «የተከለሉ ቦታዎች» ተብለው የተለዩት የድንበር አካባቢዎች በእንግሊዝ ወታደራዊ እጅ ቆዩ። የአማካሪ ሹመት የአገር ሉዓላዊነት ጉዳይ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ሁለተኛ ሐሳብ የምትሰማበት በር ሲዘጋ።

ስምምነቱ አንድ የሚጠቅም አንቀጽ ነበረው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በሦስት ወር ማስታወቂያ ሊፈርስ ይችል ነበር። ኢትዮጵያም በ1936 ማስታወቂያውን ሰጠች። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 በተፈረመው አዲስ ውል የመልእክተኛው ቅድሚያ ቀረ፤ የባቡሩ ቁጥጥር ተመለሰ፤ ኦጋዴን ግን በእንግሊዝ እጅ ቆየ። የመጨረሻው ክፍል የተመለሰው በ1947 ነው።

አዲሱ ውል ከተፈረመ ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 6 ቀን 1937፣ ንጉሠ ነገሥቱ በግብፅ የመራራ ሐይቅ ላይ «ኩዊንሲ» በተባለችው የጦር መርከብ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አገኙ። ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ እየተመለሱ ነበር። በመርከቧ ላይ የነበሩት ወታደራዊ የቅርብ ሰው አድሚራል ዊልያም ሌሂ አምባሳደር ሆነው በፈረንሳይ ቪሺ የሠሩ፣ ከእ.ኤ.አ. 1942 ጀምሮ የፕሬዚዳንቱ የጦር ሹም የሆኑ ሰው ናቸው፤ ዲፕሎማትነትና ወታደርነት በአንድ ሰው። ንጉሠ ነገሥቱ ያነሱት ኤርትራን፣ የባሕር በርንና የባቡሩን ጉዳይ ነው። በአንድ ኃያል አማካሪ የተያዘ አገር ሌላ የሚሰማው ወዳጅ ሲያገኝ የመደራደር አቅሙ ይሰፋል፤ ግንኙነቱ እንግሊዝን ቅር ያሰኘው ለዚህ ነው።

በምክር ክፍሉ ውስጥ

አሁን ወደ አሠራሩ። ጤናማ በሆነ አሠራር ምክክሩ የሚጀምረው በሁኔታ መግለጫ ነው፤ የተረጋገጠው ለብቻ፣ የተወራው ለብቻ። ቀጥሎ አማራጮች ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱ ስንት ቀን፣ ስንት ነዳጅ፣ ስንት ጥይት፣ ስንት ሰው እንደሚበላ ተነግሮ። ከዚያ የውጭ ጉዳዩ ሰው ይጠየቃል፤ ይህን ብናደርግ ጎረቤት ድንበር ይዘጋል ወይ? አበዳሪ ገንዘብ ያቆማል ወይ? ውሳኔው በጽሑፍ ይወርዳል።

በብዛት የሚበላሸው ሁለተኛው ላይ ነው። አማካሪው ሦስት አማራጭ ያመጣል፤ አንዱ እብደት፣ አንዱ እጅ መስጠት፣ መሐሉ ላይ የራሱ ፍላጎት። መሪው የመረጠ ይመስለዋል፤ የተመረጠለት ነው። መድኃኒቱ ሁለተኛ መኮንን ያንኑ መረጃ ይዞ በራሱ እንዲያቀርብ ማድረግ ነው። ሌላው ብልሽት አዛዡ የዲፕሎማቱን ሥራ ሲሠራ ይመጣል። በኮሪያ ጦርነት ፕሬዚዳንት ትሩማን የተኩስ አቁም ሐሳብ ሊያቀርቡ ሲዘጋጁ ጄኔራል ማክአርተር መጋቢት 15 ቀን 1943 በራሳቸው መግለጫ ቻይናን አስጠነቀቁ፤ ሐሳቡም ሳይቀርብ ቀረ። ሚያዝያ 3 ከሥልጣን ተነሱ። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው።

ተኩስ አቁም ሲጻፍ ደግሞ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ሰው ይገድላሉ። በ1፡250,000 ካርታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የእርሳስ መስመር መሬት ላይ 250 ሜትር ነው፤ በ1፡50,000 ካርታ 50 ሜትር። ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ካርታ ይዘው ከፈረሙ አንድ መንደር በሁለቱም እጅ ነው። የአባይ በረሃ ዓይነት ገደል ሲሆን ይብሳል፤ በካርታ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚመስለው ርቀት በእግር የግማሽ ቀን ቁልቁለትና ሽቅብ ነው፤ ጠባቂው ከአፋፉ ይቁም ወይስ ከወንዙ ዳር ካልተጻፈ መስመሩ የለም ማለት ይቻላል። ሰዓቱም እንዲሁ። «6 ሰዓት ላይ ተኩስ ይቆማል» የሚል ትእዛዝ በእኛ አቆጣጠር እኩለ ቀን ነው፤ በፈረንጁ ማለዳ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን «ከቀኑ» ወይም «ከሌሊቱ» ብሎ መጻፍ ግድ ነው። በፊርማውና በሚጸናበት ሰዓት መካከልም ሬዲዮ የሌለው ጓድ በእግረኛ መልእክተኛ እስኪደርሰው ጊዜ መተው ያስፈልጋል፤ አለዚያ ያልሰማ ወታደር ይተኩሳል፣ የሰማው ተከዳሁ ይላል።

አዛዦች በድርድር ጠረጴዛ

ወታደር ከድርድር ይራቅ የሚሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው የትናንቱን ደም ይዞ ይመጣል፤ ድርድሩንም የሚቀጥለው ውጊያ ዝግጅት ሊያደርገው ይችላል። በሌላ በኩል ወታደር የሌለበት ድርድር ሊፈጸም የማይችል ቃል ይፈርማል።

የቅርብ ጊዜው ልምዳችን ሥራውን ከፍሎ መስጠት እንደሚሻል ይጠቁማል። በሰኔ 11 ቀን 1992ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ የተኩስ አቁም 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጣና ተበጀ፤ የሁለቱ ጦር መኮንኖች የተባበሩት መንግሥታት በሚመራው የወታደራዊ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ይገናኙ ነበር። የመኮንኖቹ ሥራ ለዓመታት ቀጠለ፤ የተሰናከለው የፖለቲካው፣ የድንበር ውሳኔው አፈጻጸም ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ፖለቲከኞች ፈረሙ፤ ስምምነቱ የከፍተኛ አዛዦች መገናኛ በ24 ሰዓት እንዲከፈት፣ አዛዦቹም በአምስት ቀን እንዲገናኙ ያዝዝ ነበር። ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ናይሮቢ ላይ ኅዳር 3 ሲፈርሙ ከባድ መሣሪያ የሚፈታው የውጭና ከመከላከያ ውጭ ያሉ ኃይሎች ከሚወጡበት ጋር ጎን ለጎን እንዲሆን ተባለ። ፕሪቶሪያ ላይ ቀላል መሣሪያ ጭምር በ30 ቀን እንዲፈታ የተጻፈው የጊዜ ገደብ ግን አልተሟላም። መሣሪያ መቁጠር፣ መመዝገብ፣ ማጓጓዝና ለተዋጊው መኖሪያ ማዘጋጀት በሰላም ጊዜም ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል፤ ወታደራዊ ባለሙያው ገደቡ ከመጻፉ በፊት ቢጠየቅ የሚናገረው ይህንን ነው።

ይህ ሁሉ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል ካለው ግጭት ጋር በቀጥታ መመሳሰል የለበትም። የአገር ውስጥ ግጭት የውጭ ፖሊሲ አይደለም፤ የተዋጊዎቹም ሕጋዊ ቁመና የተለየ ነው። ድርድር በተነሳ ቁጥር ግን የካርታው፣ የሰዓቱና የማስፈጸሚያ ጊዜው ጥያቄ እዚህም ያው ነው፤ መንገድ ተዘግቶበት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት የኖረ ገበሬ የሚጠብቀው የፊርማ ሥነ ሥርዓት ሳይሆን የሚጸና ሰዓት ነው።

የውጭ አማካሪ መዘዝና ጥቅም

የውጭ አማካሪን በጅምላ መክሰስም ማመስገንም አይረዳም። በ1969 ደርግ የአሜሪካን ወታደራዊ ሚሽን ዘጋ፤ ሶማሊያን ሲያሠለጥን የነበረው የሶቪየት ኅብረት መኮንን ከሶማሊያ ሲባረር በጄኔራል ፔትሮቭ የሚመራው ቡድን ከኢትዮጵያ ጦር ጎን ቆመ፤ በ1970 የካቲት መጨረሻ ጅጅጋ ተመለሰች። ድሉ እውነት ነው። የመሣሪያው ዓይነት፣ መለዋወጫው፣ የሥልጠናው ቋንቋና ዕዳው ግን ለአሥርት ዓመታት አገሪቱን ከአንድ አቅራቢ ጋር አሰራት። ታንክ ሲገዛ የሚገዛው ታንኩ ብቻ አይደለም፤ ጥይቱ፣ ማርሹ፣ መካኒኩና የአቅራቢው ፈቃድ አብረው ይመጣሉ።

ስለዚህ ወደፊት የአማካሪ ወይም የሚሽን ስምምነት ሲሰማ መጠየቅ የሚገባው የመኮንኑ ማዕረግ አይደለም። የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል ወይ? በስንት ወር ማስታወቂያ ይፈርሳል? አማካሪው መሣሪያ ያድላል ወይስ ይመክራል ብቻ? የሚጽፈው ሪፖርት ለማን ይሄዳል፣ ግልባጩስ ለተቀባዩ አገር ይደርሳል? የሬዲዮውን ምስጢር ቁልፍ የያዘው ማን ነው? ሌላ አማካሪ ከሌላ አገር ማምጣት ይቻላል? በፓርላማ የሚጸድቅ ከሆነ እነዚህ መልሶች በሰነዱ ውስጥ መገኘት አለባቸው፤ ከሰነዱ ውጭ በቃል የተሰጠ ማረጋገጫ የኤደን «ጊዜያዊ» እንዳጋጠመው ሊያጋጥመው ይችላል። የ1934ቱን ውል ለማሻሻል የጠቀመው የሦስት ወሩ ማስታወቂያ አንቀጽ በጽሑፍ ስለነበረ ነው፤ ኦጋዴንን ለማስመለስ ግን ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ወስዷል።